ሃያ መንትያ ቢዶኖች

አዲስ ዕቃ መፍጠርና ሰው እጅ ማስገባት እንጀራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። አንዳንድ ወጣቶች እየመጡ «ጋሼ፣ አንድ ምርት ከሐሳብ ተነሥቶ ገበያ እስኪገባ ስንት ደረጃ አለው?» ይሉኛል። ደረጃዎቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንዲት ሴት ጅጅጋ ገበያ መሐል ስሟን ያጣችውም እኔ ደረጃዎቹን በቃሌ ስለማውቅ ነው። እስኪ ታገሡኝ፣ ልንገራችሁ። እኔን የሚያስመሰግን ታሪክ አይደለም።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጅጅጋ የተላክሁት ለገጠሩ ሕዝብ የሚረዱ ቀላል ዕቃዎችን እየነደፍኩ እንዳሠራ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ የማየው አቧራና ነፋስ ነበር፤ ነፋሱ ወረቀት ከጠረጴዛ ላይ ይወስዳል፣ አቧራው በምትኩ ይቀመጣል። ባለቤቴ ሮማን አዲስ አበባ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እናቷ በሕይወት የሉም፣ እህት የላትም። በየደብዳቤዋ መጨረሻ ላይ «መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ትጽፋለች። እኔም በየሳምንቱ የኃላፊዬን የጓድ ተሰማን በር እቆረቁራለሁ።

ጓድ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ዕቅድ የሚባል ነገር ያሰቃያቸው ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የዝውውር ማመልከቻዬን ከመሳቢያቸው አውጥተው አሳዩኝ።

«ጓድ ጌታሁን፣ በዚህ ዓመት ዕቅዳችን ላይ አንድ አዲስ ምርት የሚል አለ። ገምጋሚዎች ከሐረር ሲመጡ የማሳያቸው ነገር ስጠኝ፣ እኔ ይችን እፈርማለሁ።»

«አዲስ ምርት ማለት ምን ዓይነት?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ! የተማርከው አንተ ነህ።»

እውነትም ተምሬ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ ለሦስት ሳምንት ስለ አዲስ ምርት አፈጣጠር አስተምሮናል። ትምህርቱ በሰባት ደረጃ የተከፈለ ነው፤ ፍላጎት ማጥናት፣ ሐሳብ ማመንጨት፣ ማጣራት፣ መንደፍ፣ ናሙና መሥራት፣ መሞከር፣ ማምረት። ይሄን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ልክ እንደ ዐሠርቱ ትእዛዛት። አንዱን ስጨርስ በቀይ እርሳስ ምልክት አደርግበታለሁ።

የወተት ዕቃ መሥራት የመጣልኝ ገበያ ውስጥ ስዞር ነው። የሶማሌ ሴቶች ወተት የሚያመጡበት ሐን የሚባል ዕቃ አለ። ከዛፍ ሥር በወጣ ክር ጥብቅ ተደርጎ የሚሰፋ፣ ክዳን ያለው፣ በጠፍር የሚንጠለጠል ዕቃ ነው። ቆንጆ ነው፤ ግን ለመስፋት ወራት ይፈጃል፣ ሲያረጅም ያፈሳል። እኔ ደግሞ የሱሉልታ ልጅ ነኝ፤ እናቴ የወተት ዕቃ በወይራ ስታጥን እያየሁ ነው ያደግሁት። እነዚህም ሴቶች ዕቃቸውን በእንጨት ጭስ እንደሚያጥኑ ሳይ «ኧረ ይሄን አውቀዋለሁ!» አልኩ። ጦሴ ሁሉ የመጣው ከዚህች «አውቀዋለሁ» ነው።

የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ፍላጎት ማጥናቱን፣ በግማሽ ቀን ጨረስኩት። ከከተማው በአህያ የሁለት ሰዓት መንገድ የሚያስኬድ አንድ መንደር ሄጄ የማኅበሩን ሊቀ መንበርና ስድስት ሽማግሌዎች ግራር ሥር ሰበሰብኩ። ዩሱፍ የሚባለው የመሥሪያ ቤታችን አስተርጓሚ አጠገቤ ተቀመጠ። ዩሱፍ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቁጥብ፣ ቃል የማይጨምር ቃል የማይቀንስ ሰው ነበር።

«የወተት ዕቃችሁ ያፈሳል ወይ?» አልኩ።

ተርጉሞ ተመልሶ «ሲያረጅ ያፈሳል ይላሉ» አለኝ።

«በቆርቆሮ ቢሠራ ይሻላል ወይ?»

«መንግሥት ይሻላል ካለ ይሻላል ይላሉ።»

እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩና ቀይ ምልክቴን አደረግሁ። ሰባት ወንዶች ስለ ወተት ዕቃ መስክረዋል፤ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ተረቱ ማንን መጠየቅ እንዳለብን አይናገርም እንጂ።

የቆርቆሮውን የወተት ዕቃ፣ ቢዶኑን፣ የሠራልኝ አቶ ሸምሱ የሚባሉ የሐረር ተወላጅ ቆርቆሮ ሠሪ ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው። አፉን ሰፋ አድርገን በጭስ እንዲታጠን አመቻቸነው፤ ክዳኑን ከእንጨት አስጠረብነው። ውኃ ሞልተን ቀኑን ሙሉ ዘቅዝቀን ሰቀልነው፣ ጠብ አላለም። ከአህያ ጀርባ ከፍታ ወረወርነው፣ ቢጨረመትም አልተቀደደም። ለሙከራ የሚታደሉትን ሃያ ቢዶኖች ልንጀምር ስንል አቶ ሸምሱ መዶሻቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እጀታቸውን ለየት ለየት ባደርገውስ? ሰው ዕቃውን መለየት ይወዳል» አሉኝ።

«አይሆንም አቶ ሸምሱ፤ አንድ ወጥ ነው የሚባለው። ፋብሪካ የሚሠራ ቢሆን እኮ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።»

«እሺ፣ ያንተ ነገር» ብለው መዶሻቸውን አነሡ። ሃያውን ቢዶን በመስመር ደርድረን ስናይ ማኅፀን አንድ ያደረጋቸው መንትዮች ይመስሉ ነበር። በጣም ኮራሁ።

ሰኞ ዕለት ቢዶኖቹን ወስደን ለሃያ ሴቶች አደልን። መዝገቤ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ጻፍኩ፤ ሴቶቹን በቁጥራቸው ነው የመዘገብኳቸው። ገምጋሚዎቹ ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ፤ ጊዜ የለኝም። አሥራ አራተኛዋ ረዘም ያለች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። ቢዶኑን ተቀበለችና ገልብጣ አየችው፣ ከጎኗ ያለችው ሴት የያዘችውን አየች፣ ከዚያም አንድ ነገር ጠየቀች።

«የእኔ የትኛው ነው ትላለች» አለ ዩሱፍ።

ሳቄ መጣ። «ንገራት እንጂ፣ ሁሉም አንድ ነው። የፈለገችውን ትውሰድ!»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ከሻሿ ጫፍ ቀይ ጨርቅ ቀድዳ የቢዶኑ እጀታ ላይ ቋጠረችው። እኔ ሄድኩና ፈታሁት። ጨርቅ ቆሻሻ ይይዛል፣ ሙከራውን ያበላሻል ብዬ በዩሱፍ አስነገርኩ። ጨርቁን እጇ ላይ መለስኩላት። አየችኝ። እኔም ምንም አልመሰለኝም።

አሁን ያን ጊዜ የማላውቀውን ነገር ልንገራችሁ፤ ያለሱ የማክሰኞው ነገር አይገባችሁም። የመንደሩ ሴቶች ወተታቸውን በየተራ ነው ከተማ የሚያወርዱት። ዛሬ ተረኛ የሆነችው የሃያውንም ቤት ወተት በአህያ ጭና ትወርዳለች፣ ለየደንበኛው ታድላለች፣ ማታ የየሰዉን ገንዘብ ለየባለቤቱ ታደርሳለች። የእያንዳንዷ ሴት ሐን ምልክት አለው፤ የጠፍሩ አጎነጓጐን፣ የዛጎሉ አሰካክ፣ የጨርቁ ቀለም። የከተማው ደንበኛ የሚገዛው ያንን ዕቃ እያየ ነው። ወተቷን በውኃ ያቀጠነች ወይም ያደረ ወተት የቀላቀለች ሴት ዕቃዋ ራሱ ያጋልጣታል። ስለዚህ ማንም አይሞክረውም። እንግዲህ እኔ ነገሩ ሳይገባኝ ሃያ ስም አጥፌ ሃያ ቁጥር የሰጠሁት ለእነዚህ ሰዎች ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ማስታወሻዬን ይዤ ገበያ ቆምኩ። ተረኛዋ ያቺው አሥራ አራተኛዋ ነበረች፤ ስሟ ሐሊሞ መሆኑን ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ሦስት አህዮች ነድታ መጣች። ቢዶኖቹን አውርዳ መሬት ላይ ደረደረቻቸው፤ ያኔ ነው እጇ መንቀርፈፍ የጀመረው። አንዱን አንሥታ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታሸታለች፣ ክዳን ከፍታ ትመለከታለች፣ ትዘጋለች። እኔ «ክዳኑ ጠብቆባት ነው» ብዬ ማስታወሻ ያዝኩ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ እትዬ አስካለ ነበሩ። ከደሴ መጥተው ጅጅጋ የከረሙ፣ ሻይ ቤት ያላቸው፣ ምላሳቸው የሚፈራ ሴት ናቸው። ወታደሩም ሾፌሩም የሚጠጣው የእሳቸውን ሻይ በወተት ነው። ለዓመታት ከሐሊሞ በቀር ከማንም ገዝተው አያውቁም።

«ሐሊሞ፣ ያንቺው ነው አይደል?» አሉ ቢዶኑን እያዩ።

ሐሊሞ ራሷን ነቀነቀች። ነው ለማለት ይሁን አላውቅም ለማለት አልገባኝም። እትዬ አስካለ ይዘው ሄዱ።

ብዙም አልቆየም። የእትዬ አስካለ ድምፅ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ገበያውን ሰነጠቀው። «ኧረ ጉድ! ወተቱ እሳት ሲነካው ተቆራረጠ! ሃያ ሰው ሻይ ይጠብቃል እኔ አይብ አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ!» ማሰሮውን ይዘው መጡና ለሁሉም አሳዩ። «ሐሊሞ፣ አንቺም? አንቺም ያደረ ወተት?»

ሌሎቹ ደንበኞች የገዙትን መመለስ ጀመሩ። አንዱ ብቻ ነው የተበላሸው፤ ነገር ግን የቱ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም ተበላሸ። ሐሊሞ እየዞረች ታስረዳለች፣ ማን ይሰማታል! ሰው ሐሊሞ የሚለውን ስም ብቻ እየጠራ ይጮኻል። በመጨረሻ ቢዶኖቹን አንድ በአንድ አንሥታ የአሥራ ዘጠኙን ቤት ወተት ከራሷ ጋር አሸዋ ላይ ደፋችው። የጅጅጋ አሸዋ ወዲያው ጠጣው። ከዚያም ወደ እኔ ዞራ አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገረች።

«ዩሱፍ፣ ምን አለች?»

«ምንም አላለችም» አለ ዩሱፍ። ቃል ቀንሶ ሲተረጉም ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ስናደድ ዋልኩ። በማን ላይ እንደተናደድኩ ግን አታውቁም፤ በራሴ አይደለም። በሐሊሞ ላይ፣ በእትዬ አስካለ ላይ፣ በወተቱ ላይ ተናደድኩ። ሁለት ቀን ቀርቶኛል፣ ሚስቴ ልትወልድ ነው፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቢዶን በሥርዓት መጠቀም አቃታቸው! እንዲህ ነበርኩ፣ ልደብቃችሁ አልችልም።

ረቡዕ ጠዋት ሐሊሞ ብቻዋን ቢሮዬ ገባች። ወንበር አሳየኋት፤ አልተቀመጠችም። ዩሱፍን ጠራሁት።

«ስሜን መልስልኝ ትላለች።»

«ስሜን ማለት?»

ሐሊሞ ረጅም ተናገረች፣ ዩሱፍም ጣቱን እያጠፈ ተረጎመ። ያደረ ወተት የላከችው ሴት ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ ሃያውም ሴቶች «የእኔ አይደለም» ብለው ምለዋል። ስለዚህ ነገሩ በተረኛዋ ላይ ወድቋል። ነገ ሴቶቹ ተሰብስበው ከተራው ሊያስወጧት ነው። ከተራ የወጣች ሴት ወተቷን ማንም አይጭንላትም። ባሏ በጦርነቱ ጊዜ ሞቷል፤ አራት ልጅ የምታሳድገው በዚያ ወተት ነው።

«በእኛ ዕቃ ቢሆን» አለች፣ ዩሱፍ እየተከተላት፣ «ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳስሼ የማን እንደሆነ እነግርህ ነበር። ያቺም ሴት አትደፍረውም ነበር።»

«ታዲያ ስለ ዕቃው ሽማግሌዎቹን ጠይቄ ነበር እኮ!» አልኩ።

ሐሊሞ ሳልጠብቀው ሳቀች፣ መራራ ሳቅ። ዩሱፍም ፈገግ አለ። «ወንድ ስለ ወተት ዕቃ ምን ያውቃል ትላለች። ወንድ የሚያውቀው መጠጣቱን ነው።»

በዩሱፍ ላይ ጮኽኩ። «አንተ ታውቅ ነበር! ይሄን ሁሉ ታውቅ ነበር፣ ለምን አልነገርከኝም?»

ዩሱፍ በእርጋታ አየኝ። «ጌታሁን፣ ተርጉም አልከኝ፣ ተረጎምኩ። ምን ይመስልሃል ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅሁትም። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተን አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

«ትናንት ገበያ ላይ ምን ነበር ያለችው?» አልኩት ድምፄ ዝቅ ብሎ።

«የእኔ የትኛው ነው አለች።»

የሰኞው ጥያቄ ነው። ያኔ የሳቅሁበት ጥያቄ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰባት መስመሮች ከነቀይ ምልክታቸው ያዩኛል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እኔን ነው።

«ምን ላድርግ?»

«ስሜ የወደቀው ገበያ ውስጥ ነው፤ ገበያ ውስጥ አንሣው ትላለች። ነገ ጠዋት፣ በወተት ሰዓት፣ እነዚያው ሰዎች ባሉበት። ሴቶቹም ይመጣሉ። ከነገ ካለፈ ወሬ እንደ ወተት ነው፣ ካደረ ይረጋል።»

ነገ ሐሙስ ነው። በሦስት ሰዓት ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ። ወተት የሚደርሰው በሁለት ሰዓት ነው፤ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ «እሺ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጓድ ተሰማ ገባሁ። ሪፖርቱን አስተይበው ጨርሰዋል፤ «ሙከራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ይላል፤ አምስት መቶ ቢዶን እንዲሠራ ይጠይቃል።

«ጓድ፣ ሙከራው አልተሳካም። የሃያ ቤት ወተት መሬት ላይ ተደፍቷል።»

«ቢዶኑ አፈሰሰ?»

«አላፈሰሰም።»

«ተሰበረ?»

«አልተሰበረም፣ ግን...»

«ታዲያ ምርቱ ምን ሆነ? ወተቱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው!» ብለው መሳቢያቸውን ከፈቱ። የዝውውር ወረቀቴን አውጥተው ብዕራቸውን አጠገቡ አስቀመጡ። «ነገ በሦስት ሰዓት ቆመህ ቢዶኑን ታስረዳለህ። ወዲያው እዚያው እፈርማለሁ። ሚስትህ ምጥ ላይ ሳትሆን ትደርስላታለህ። ጓድ ጌታሁን፣ እንደ ወንድም ነው የምመክርህ።»

እውነታቸውን ነበር። ይሄ ነው የሚያናድደው፤ እውነታቸውን ነበር።

ሐሙስ ገና በጠዋቱ ዩሱፍን ይዤ ገበያ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሐሊሞ የለችም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ የለችም። የሌላ መንደር ሴቶች መጥተው ሸጠው መሄድ ጀመሩ። ሰዓቴን እያየሁ እመላለሳለሁ፤ እትዬ አስካለ ከበራቸው ላይ «አንተ ልጅ፣ እግርህ እስኪቆስል ነው?» እያሉ ያሾፉብኛል። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከሐረር የሚመጣው መንገድ ላይ አቧራ ተነሣ። ሁለት ላንድሮቨሮች በገበያው ጫፍ አልፈው ወደ መሥሪያ ቤታችን ታጠፉ። ገምጋሚዎቹ ናቸው።

«ሂድ» አለኝ ዩሱፍ። «ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ሥራ ይዞት ሄደ ብዬ።»

እግሬን አነሣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መንገድ ጀመርኩ፤ የሮማን ሆድ፣ የሮማን ደብዳቤዎች ታዩኝ። ምናልባት ሃምሳ እርምጃ ሄጃለሁ። ከዚያ ከፊት ለፊቴ አህዮቹን አየሁ። ከኋላቸው ሐሊሞና ወደ አሥር የሚሆኑ የመንደሩ ሴቶች ይመጣሉ፤ መንገድ ላይ ሲጨቃጨቁ ነው የዘገዩት። ሐሊሞ እኔን ወደ ቢሮው አቅጣጫ ስሄድ አየችኝ። አልጠራችኝም። ዓይኗን መለሰችና አህያዋን ነዳች። ብትጠራኝ ኖሮ ምናልባት «እመለሳለሁ» ብዬ እሄድ ነበር። ባለመጥራቷ እግሬ ተያዘ።

ተመለስኩ። ከአንድ የተደፋ ሣጥን ላይ ወጣሁና ዩሱፍን አጠገቤ አቆምኩት። «ይሄን በደንብ ተርጉም። ከመሰለህም ጨምርበት» አልኩት። ከዚያ ወደ ሐሊሞ ዞርኩ። «ሙሉ ስምሽን ንገሪኝ። መዝገቤ ላይ አሥራ አራት ብዬ ነው የጻፍኩሽ።»

ዩሱፍ ተረጎመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ሐሊሞ አብዲ ወርሰሜ» አለች፣ ቀስ ብላ።

ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «ማክሰኞ የተበላሸው ወተት የሐሊሞ አብዲ ወርሰሜ ይሁን የሌላ ሴት ማንም አያውቅም፤ እንዳይታወቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ዕቃችሁን አንድ ዓይነት አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህች ሴት ምልክት ስታስርበት የፈታሁባት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዩሱፍ ተረጎመ፤ ከእኔ ንግግር ሦስት እጥፍ ረዘመ። ምን እንደጨመረበት እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ከሰዉ መሐል አንድ ሽማግሌ «ወሪያ!» ብሎ ጠራኝና አንድ ነገር ተናገረ፤ ገበያው በሙሉ ሳቀ። ዩሱፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መንግሥት ጥፋቱን ሲያምን ሳላይ አልሞትም ብዬ ነበር፣ አሁን ልሙት ይላል» አለኝ። ሴቶቹም ሳቁ። ሐሊሞ ሳትስቅ ከሻሿ ላይ ያንኑ ቀይ ጨርቅ ፈትታ ሰጠችኝ። የገባኝ ወዲያው ነው። ከቢዶኖቹ ውስጥ የያዘችውን ተቀብዬ እጀታው ላይ ቋጠርኩት። እንዳይላላ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ቋጠርኩ።

እትዬ አስካለ ማሰሮአቸውን ይዘው ሰው እየገፉ መጡ። ቢዶኑን አዩ፣ ጨርቁን አዩ፣ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የተማረ ሰው ይኼን ለማወቅ ይሄን ያህል ወተት መድፋት ነበረበት?» አሉና ማሰሮአቸውን ወደ ሐሊሞ ዘረጉ። «ቅጂልኝ እስቲ፣ የኔ እናት። ሻይ የሚጠብቅ ሰው አለኝ።»

ሮጬ ቢሮ ስደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ገምጋሚዎቹ ቢዶኑን አይተው፣ አድንቀው፣ ሄደዋል። ጓድ ተሰማ ራሳቸው አስረድተዋል። አምስት መቶው እንዲሠራ ተፈቅዷል። የእኔ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል፤ በግምገማ ሰዓት ሥራውን ጥሎ የሄደ ሰው አይዛወርም ተባልኩ። እውነተኛውን ሪፖርት ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ ፋይል ውስጥ ገባ። ልጄ ስትወለድ አልነበርኩም። ሮማንን ምጥ ላይ ሳለች ሐኪም ቤት የወሰዳት ጎረቤት ነው። ለዚህ ነገር ይቅር ያለችኝ ዘግይታ ነው፤ «ስለ ቢዶን ነው የተውከኝ?» ትለኝ ነበር።

አምስት መቶዎቹ ምን ሆኑ ትሉኝ ይሆናል። ታደሉ። እህል ተከተተባቸው፣ ዶሮ ተቀመጠባቸው፣ ወተት ግን አልገባባቸውም። አቶ ሸምሱ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ በየሴቷ ትእዛዝ ሌላ ዓይነት መሥራት ጀመሩ፤ አንዷ እጀታው እንዲጠመዘዝ ትላለች፣ ሌላዋ ጠፍር የሚገባበት ቀለበት ታስጨምራለች፣ ሴቶቹ ከተራው ያላስወጧት ሐሊሞ ደግሞ ጨርቅ የሚቋጠርበት ቀዳዳ አዘዘች። እሱ ነው የተሸጠው። አንድም ደረጃ ግድግዳ ላይ ሳይለጥፉ የእኔን ሰባት ደረጃ አቶ ሸምሱ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት፤ «ያንቺ እንዴት ይሁንልሽ?» ይሏቸው ነበር።

እናንተ ወጣቶች ደረጃዎቹን አትጥሏቸው፣ እኔም አልጣልኳቸውም። ዛሬም አስተምራቸዋለሁ። ግን የመጀመሪያውን ስታደርጉ ዕቃውን በእጁ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነ ፈልጉ፣ ስሙን ጻፉ፣ ስትስቁበትም ቆም በሉ። የምትስቁበት ጥያቄ ላይ ነው ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው። ይህን ለመማር እኔ የከፈልኩትን እናንተ አትክፈሉ።

ዝውውሬ የተፈረመው ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ነው። ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ገበያ ወርጄ ሐሊሞን ተሰናበትኳት። ዩሱፍ አብሮኝ ነበር። «ልጅህ ስሟ ማን ነው ትላለች» አለኝ። ነገርኳት። በማግስቱ ቢሮ ድረስ መጣች፤ ከጉያዋ በጣም ትንሽ፣ ልጅ የሚይዘው ዓይነት ሐን አወጣች። አዲስ ነው፣ ጭሱ ገና ይሸታል። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል።

አንድ ነገር ተናገረች። ዩሱፍ ተረጎመ።

«ይሄ የልጅህ ነው ትላለች። እንዳትፈታው።»